ልባችን ሸክም ሲበዛበት ውስጡ ምን ይፈጠራል?

የልብ ጡንቻ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይኮማተራል። ይህ ሥራ ለዓመታት ከአቅም በላይ ሲሆንበትስ? ባጭሩ እንየው።

▪️ እያንዳንዱ ምት በካልሲየም ነው የሚነሳው

የኤሌክትሪክ ምልክት የልብ ሴል ጋ ሲደርስ ትንሽ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ ትንሽ ካልሲየም ሴሉ ውስጥ ያለውን ትልቁን የካልሲየም ጎተራ ያስከፍታል። ከጎተራው የወጣው ጡንቻውን ያኮማትረዋል፤ ደም ይገፋል። ከዚያ "ሰርካ" የሚባል ፓምፕ አብዛኛውን ወደ ጎተራው ይመልሰዋል፤ ጡንቻው ይላላል፣ ልብም በደም ይሞላል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በአንድ ሰከንድ ገደማ ነው።

▪️ ሸክሙ ከየት ይመጣል?

ዋናው ደም ግፊት ነው። በሀገራችን ደግሞ በልጅነት በአግባቡ ካልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን የሚመጣ የልብ ቫልቭ ሕመም ብዙ ወጣቶችን ያጠቃል። ቫልቩ ካፈሰሰ ልብ የተመለሰውን ደም ደግሞ ደጋግሞ ይገፋል።

▪️ መጀመሪያ ይቋቋማል

ግፊት ሲበዛ የልብ ግድግዳ ይወፍራል፤ ቫልቭ ሲያፈስ ክፍሉ ይሰፋል። በዚህ ጊዜ ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል።

ዓመታት ሲያልፉ ግን ፓምፑ ይደክማል፣ ጎተራውም ያለ ጊዜው ማፍሰስ ይጀምራል። ጎተራው ስለሚጎድል ምቱ ይዳከማል። ካልሲየሙ ቶሎ ስለማይነሳም ጡንቻው በደንብ ሳይላላ ቀጣዩ ምት ይደርስበታል። የፈሰሰው ካልሲየም የልብ ምትን ሊያዛባም ይችላል። የልብ ድካም የሚባለው ሕመም ውስጥ የሚታየው አንዱ ነገር ይሄ ነው።

▪️ "ታዲያ የካልሲየም ኪኒን ልዋጥ?"

አይ! ችግሩ የካልሲየም ማነስ ሳይሆን ሴሉ ካልሲየሙን የሚይዝበት መንገድ መበላሸቱ ነው።

▪️ ስፖርትስ?

ስፖርት ስንሠራም ልብ ይከብደዋል፤ ስንጨርስ ግን ያርፋል። ያልታከመ ደም ግፊት ግን ቀን ከሌት ሸክም ነው። እረፍት የሌለው ሸክም ልብን ይጎዳል።

▪️ ምን እናድርግ?

• ባያመንም ግፊታችንን እንለካ። ደጋግሞ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ጋ እንሂድ።
• የታዘዘ መድኃኒት "ተሽሎኛል" ብለን አናቋርጥ።
• ደረጃ ስንወጣ ትንፋሽ ካጠረን፣ ጋደም ስንል ካፈነን፣ እግራችን ካበጠ ሳንዘገይ እንታይ።

ቤት ያሉ እናት አባቶቻችሁንም አስለኩ።