ብዙ ገዢዎች አንድ ነጋዴ ሲከሱ፤ ከነጋድራስ ችሎት እስከ ነፋስ ስልክ ፋብሪካዎች

ከጎተራ ተነሥቶ በነፋስ ስልክና በሳሪስ በኩል ወደ ቃሊቲ የሚወርደው የደብረ ዘይት መንገድ ከአዲስ አበባ ዋና ዋና የፋብሪካ መንገዶች አንዱ ነው። ሰፈሩ ነፋስ ስልክ የተባለው ሕዝቡ ያለ ሽቦ የሚሠራውን ቴሌግራፍ በዚህ ስም በመጥራቱ ነው። በዚህ መንገድ ዳር አንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የሚያወጣው ዕቃ በሺህ ቤት ይገባል። ዕቃው የተበላሸ የሆነ እንደ ሆነ ጉዳቱም ለሺህ ቤት ይከፋፈላል፤ ነገር ግን ለያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው ጉዳት ከጥቂት ብር አይበልጥም። ለጥቂት ብር ብሎ የዳኝነት ከፍሎ፣ ሥራውን ፈትቶ ችሎት የሚመላለስ ሰው ብዙ አይገኝም። ስለዚህ ገዢዎቹ ተባብረው ለመክሰስ ያስባሉ። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ በዚህ ጊዜ ነጋዴው በምን ይከላከላል የሚለው ነው። ታሪኩን ስንመረምር ሕግ ለነጋዴው ያዘጋጀለት ጠንካራው ጋሻ «ዕቃዬ ደኅና ነው» የሚለው ክርክር ሆኖ አላገኘነውም። ጋሻው ከችሎቱ ደጃፍ ላይ የሚነሣው መቃወሚያ ነው፤ ይኸውም «ዳኛዬ አይደለህም» ወይም «ከሳሼ አይደለህም» የሚለው ነው።

በቀድሞ ዘመን የገበያ ዳኛ ነጋድራስ ነበረ። ነጋድራስ ቀረጥ ከመሰብሰብ ሌላ የንግድ ክርክርንም ያይ ነበር። ገዢና ሻጭ ዕቃውን ይዘው፣ ዋስ ጠርተው ፊት ለፊት ይሟገታሉ። ፍትሐ ነገሥትም ስለ መሸጥና ስለ መግዛት የሚናገር ክፍል ነበረው። በዚህ ሥርዓት ሻጩ ብዙ የሚሸሸግበት ስፍራ አልነበረውም፤ ዳኛው በገበያው፣ ዕቃውም በዳኛው ፊት ነበርና።

ይህን የለወጠው በጥር 1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ያደረጉት፣ በመልክተኛው በክሎቡኮቭስኪ ስም የሚጠራው ውል ነው። በዚያው ዓመት ሚኒስትሮች ሲሾሙ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ የንግድ ሚኒስትር ሆነው ነበር። በውሉ ሰባተኛ አንቀጽ መሠረት በኢትዮጵያዊና በፈረንሳይ ዜጋ መካከል ክርክር ሲነሣ ኢትዮጵያዊው ዳኛ ከቆንስሉ ጋር ያያል፤ ተከሳሹ ፈረንሳዊ ከሆነ የሚፈረደው በፈረንሳይ ሕግ፣ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ግን በኢትዮጵያ ሕግ ነው። ሌሎች መንግሥታትም ይህንኑ መብት ለዜጎቻቸው ጠየቁ። በዚያን ጊዜ ከአራዳ ሱቆች ብዙዎቹ በግሪኮች፣ በአርመኖች፣ በሕንዶችና በዐረቦች እጅ ነበሩ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ በአንዱ ወይም በሌላው ቆንስላ ጥበቃ ሥር ይኖሩ ነበር። ነገሩን ልብ ብለን ስናየው ሕጉን የሚወስነው የተከሳሹ ዜግነት ነው። ሸማቹ ብዙውን ጊዜ ከሳሽ፣ ባለሱቁ ደግሞ ተከሳሽ ስለሆነ የውሉ ጥቅም ዘወትር ወደ ባለሱቁ ያደላ ነበር። ዕቃው ምን ዓይነት እንደ ሆነ ከመጠየቁ በፊት ነጋዴው የማን ዜጋ እንደ ሆነ ይጠየቃል። በ1914 ዓ.ም. ልዩ ፍርድ ቤት የተቋቋመውና ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመሩት እንደነዚህ ያሉትን ክርክሮች በሥርዓት ለማየት ነበር። የቆንስሎች ዳኝነት ከነጻነት በኋላ አልተመለሰም፤ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የዳኝነት አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶችን እንደገና አቋቋመ።

«ዳኛዬ አይደለህም» የሚለው መከላከያ በዚህ ሁኔታ ሲደክም ሁለተኛው ተተካ። ይህን ለመረዳት አስቀድመን በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ እንይ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። በቁጥር 2085 ለትርፍ ሲል ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኀላፊ ነው ይላል። ለዘመኑ ይህ ደፋር ድንጋጌ ነበር ብንል አልተጋነነም፤ በነፋስ ስልክ መንገድ ላሉት ፋብሪካዎች በቀጥታ የተጻፈ ይመስላልና። ነገር ግን በዚያው ቁጥር ሁለተኛ ክፍል ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ ይችል የነበረ እንደ ሆነ ሠሪው ኀላፊ አይሆንም ተብሏል። በቁጥር 2143 ደግሞ ካሳ ጠያቂው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት።

ለምሳሌ ያህል፣ ሦስት መቶ ቤተሰብ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ የኑግ ዘይት ገዝተው ታመሙ እንበል። ጠበቃው በዕቃው ነገር ሊከራከር ከገባ ብዙ ጥያቄ አለው። አንዱ ቤት ዘይቱን ፀሐይ ላይ ትቶት እንደ ሆነስ? ሌላው ከአሮጌ ዘይት ጋር ደባልቆት እንደ ሆነስ? ሽታው ተለውጦ እያለ ያበሰለችስ የለችምን? እነዚህ እውነተኛ ጥያቄዎች ናቸው፤ ለሦስት መቶው ቤት ሦስት መቶ መልስ አላቸው። ነጋዴው ያላበላሸውን እንዳይከፍል የሚያደርጉትም እነርሱ ናቸው።

ነገር ግን ጠበቃው እዚህ ድረስ ላይደርስ ይችላል። መስከረም 28 ቀን 1958 ዓ.ም. የወጣውና በአቶ ነራዮ ኢሳያስ የተረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 33 በክርክሩ ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ ሊሆን አይችልም ይላል። በቁጥር 35 ከአንድ ነገር የመነጨ የጋራ ጥያቄ ያላቸው ሰዎች በአንድ መዝገብ እንዲከሱ ይፈቅዳል። ዋናው ቁጥር 38 ነው። ብዙ ሰዎች አንድ ዓይነት ጥቅም ሲኖራቸው ከመካከላቸው አንዱ ወይም ጥቂቶቹ ስለ ሁሉም ሊከሱ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሁሉም በዚህ ውክልና መስማማታቸውን ለፍርድ ቤቱ ማስረዳት አለባቸው። በቁጥር 244 ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያዎች ተዘርዝረዋል፤ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም፣ ከሳሹ ለመከራከር ችሎታ የለውም፣ አስቀድሞ ፈቃድ አልተገኘም፣ ይርጋ አግዶታል የሚሉትም ከነዚሁ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ለሦስት መቶው ቤተሰብ የቀረበ ክስ ሁለት መቶ ዘጠና ፊርማ ብቻ ይዞ ከመጣ፣ ጠበቃው ስለ ዘይቱ አንድ ቃል ሳይናገር ቁጥር 38ን ያነሣል።

ሕጋችን በብዙው የተቀዳው በ1908 እ.ኤ.አ. ከወጣው የሕንድ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። የሕንዱ ግን የሁሉንም ስምምነት አይጠይቅም፤ የፍርድ ቤቱን ፈቃድና ለሚመለከታቸው ሁሉ ማስታወቂያን ይጠይቃል እንጂ። በእንግሊዝ አገርም ነጋዴዎች ጠንካራ መከላከያ ነበራቸው። በሩስያና በጃፓን ጦርነት ጊዜ በሰመጠችው ናይት ኮማንደር በምትባል መርከብ ዕቃ የጫኑ ሰዎች በአንድነት ቢከሱ፣ የይግባኙ ፍርድ ቤት በ1910 እ.ኤ.አ. የያንዳንዱ ውል ለየብቻ ነው ብሎ የአንዱን ውክልና አልተቀበለም። ከሁሉ የሚያስገርመው የአሜሪካ ነገር ነው። እኛ በመስከረም 1958 ሕጋችንን ስናወጣ፣ እነርሱ በዚያው የኢትዮጵያ ዓመት በሰኔ ወር ደንብ ቁጥር 23ን አሻሻሉ። በዚያ ደንብ የካሳ ክስ ሲቀርብ ተጎጂው «አልፈልግም» ብሎ ካልወጣ በስተቀር እንደ ገባ ይቈጠራል። እኛ ዘንድ ዝምታ መውጣት ነው፤ እነርሱ ዘንድ ዝምታ መግባት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱ መንገዶች እንዲህ ተለያዩ።

በኛ አስተያየት የኢትዮጵያው ሕግ ስሕተት ብቻ አይደለም። ያልወከለውን ሰው ስም ጠርቶ ነጋዴን የሚያስፈራራ ነገረ ፈጅ በየዘመኑ አይጠፋም። ሕጉ ለዚህ ልጓም አብጅቷል። ነገር ግን ልጓሙ የተበጀው ጎረቤት ከጎረቤት ለሚተዋወቅበት መንደር እንጂ ገዢ ከገዢ ለማይተዋወቅበት ከተማ አይመስለንም። በመንደር ሦስት መቶ አባወራ በአንድ ዋርካ ሥር ይሰበሰባል፤ ከአንድ ፋብሪካ ዘይት የገዙትን ሦስት መቶ ሰዎች ግን የሚያውቃቸው ባለሱቁ እንኳ አይደለም።

በ1967 ዓ.ም. ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ሲወረሱና ሽያጩ ብዙውን ጊዜ በቀበሌ ሱቅ ሲሆን ጥያቄው ለጊዜው ተዳፈነ። ደግሞ የተነሣው በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 37 የአባሎቹን ጥቅም የሚወክል ማኅበር፣ እንዲሁም ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸውን ሰዎች የሚወክል ቡድን ወይም ግለሰብ ፍትሕ ለመጠየቅ መብት አለው አለ።

ይህ አዲስ በር ከተፈተነባቸው ክሶች አንዱ ከነፋስ ስልክ ብዙ አይርቅም። በላፍቶ በኩል የሚወርደው ትንሹ አቃቂ ወንዝና ታላቁ አቃቂ በፋብሪካ ፍሳሽ ተበከሉ በማለት አፓፕ የተባለው የባለሙያዎች ማኅበር የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከሰሰ። ክሱ የሸማች አልነበረም፤ ሥርዓቱ ግን ያው ነው። አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካይን ለመክሰስ የግል ጥቅምን ማስረዳት እንዳያስፈልግ አድርጎ ነበርና «ከሳሼ አይደለህም» የሚለው ጋሻ በዚህ ረገድ ወድቋል። ነገር ግን በ1999 ዓ.ም. የፌዴራሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ባለሥልጣኑ ራሱ በካይ ስላልሆነ ሊከሰስ አይገባም ብሎ ክሱን ሳይቀበል ቀረ። ፋብሪካዎቹ ችሎት ሳይቀርቡ፣ ወንዙም ሳይመረመር መዝገቡ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ የወጡት የሸማቾች አዋጆች፣ ይኸውም የ2002ቱ ቁጥር 685 እና የ2006ቱ ቁጥር 813፣ ሌላ መንገድ ያዙ። ሸማቹ ለደረሰበት ጉዳት አምራቹን፣ አስመጪውን፣ ጅምላ ሻጩንና ቸርቻሪውን በአንድነት ወይም በተናጠል ካሳ መጠየቅ ይችላል። ቸርቻሪው «ፋብሪካውን ጠይቅ»፣ ፋብሪካውም «ቸርቻሪውን ጠይቅ» የሚባባሉበት የድሮ ማምለጫ በዚህ ተዘጋ። አዋጆቹ ያስተባበሩት ግን ሻጮችን ነው፤ ቁጥር 38ን አልነኩም።