ጋቦዬ፦ በትውልድ መገለልና የትምህርት ዕድል

ጋቦዬ በጅግጅጋና በሰሜናዊው የሶማሌ ክልል ከተሞች፣ እንዲሁም በሶማሊላንድ የሚኖሩ ማድሂባን፣ ቱማልና ይቢር የተባሉ ማኅበረሰቦች የወል መጠሪያ ነው። ብረት ቀጥቃጭነት፣ የቆዳ ሥራና ፀጉር ቆራጭነት በቆየ ልማድ የእነሱ ሥራ ተደርገው ይታያሉ። በቋንቋም በሃይማኖትም ከጎረቤቶቻቸው አይለዩም፤ ሆኖም ጋብቻ ይከለከላሉ። «ጎሳህ ማን ነው?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ ለልጆቻቸው የስድብ መጀመሪያ ነው። ስድቡና ድህነቱ ተደምረው ከትምህርት ገበታ ያርቋቸዋል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 በትውልድ ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽም ክብርን ከዘር ሳይሆን ከተቅዋ ጋር ያያይዘዋል። አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ ሲያነውር ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የጃሂሊያ ቅሪት እንዳለበት ነግረውታል። እኛ መምህራንና ወላጆች ስድቡን በክፍልና በመድረሳ ካላስቆምን ያው ቅሪት እኛም ዘንድ አለ።