ከሩማቶይድ አርትራይተስ ጋር መኖር፦ ሕመሙን መቀበል እጅ መስጠት አይደለም

ጠዋት ሲነሡ ጣቶችዎ ድርቅ ብለው አልታጠፍ ይላሉ። ሊጥ ማቡካት፣ አክንባሎ ማንሣት፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያስቸግራል። ለመፍታታት አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ብዙዎች «ብርድ መትቶኝ ነው» እያሉ ወራት ያሳልፋሉ። ምርመራው ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው ሲባል ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ እድናለሁ?» የሚል ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት በስህተት የራሱን መገጣጠሚያዎች ሲያጠቃ የሚመጣ ሥር የሰደደ ሕመም ነው። በሴቶች ላይ ይበዛል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጨርሶ የሚያጠፋው መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ነገር ግን ቶሎ ተጀምሮ ሳይቋረጥ ከተወሰደ ሕመሙን የሚያረጋጋና መገጣጠሚያ እንዳይጣመም የሚረዳ ሕክምና አለ።

መቀበል ማለት ምንድን ነው?

ማዘን፣ መናደድ፣ «ለምን እኔን?» ማለት ያለ ነው። መቀበል ማለት ግን ተስፋ መቁረጥ ሳይሆን፣ «ሕመሙ አብሮኝ ይቆያል፤ ኑሮዬን ከእሱ ጋር አስተካክላለሁ» ማለት ነው። በሥራዬ ደጋግሜ የማየው ጉዳት የሚመጣው ሕመምተኞች ሲሻላቸው «ድኛለሁ» ብለው መድኃኒት ሲያቆሙ ነው። ሕመሙ ያገረሻል፤ አንዴ የተበላሸ መገጣጠሚያ ደግሞ ወደ ቀድሞው አይመለስም።

ስለ መድኃኒትዎ

• ሜቶትሬክሴት ለዚህ ሕመም የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ መውሰድ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ቀኑን ይምረጡና ለቤተሰብዎም ይንገሩ።
• የታዘዘልዎትን ፎሊክ አሲድና የደም ምርመራ አይተዉ።
• ጽንስ ስለሚጎዳ፣ እርግዝና ካሰቡ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ።
• ትኩሳት ካለዎት ወይም አፍዎ ከቆሰለ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።
• እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ሕመም ይቀንሳሉ እንጂ የመገጣጠሚያውን መበላሸት አያስቆሙም።
• ጸበል ሲሄዱ መድኃኒትዎን ይዘው ይሂዱ፤ ጸሎትዎ መድኃኒት ማቋረጥን አይጠይቅም።

የዕለት ሥራ

ከባድ ሥራ በአንድ ቀን አይደራርቡ፤ በመሃል ይረፉ። ዕቃ በሁለት እጅ ያንሡ፤ ዘንቢሉን በጣት ሳይሆን በክንድዎ ያንጠልጥሉ። ጠዋት እጅዎን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አድርገው ቀስ እያሉ ያፍታቱ። ጨርሶ አለመንቀሳቀስ ጡንቻን ስለሚያደክም በየቀኑ በአቅምዎ ይራመዱ።

ለቤተሰብ

ይህ ሕመም ከቀን ቀን ይለያያል፤ ብዙ ጊዜም ከውጭ አይታይም። «ትናንት ደህና አልነበርሽ?» የሚለው ቃል ያቆስላል። «ዛሬ ምን ላግዝሽ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሥራውን ሁሉ መንጠቅም ጥሩ አይደለም፤ ሰው የቻለውን ሲሠራ ክብሩ ይጠበቃል።

ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከጠፋ፣ ለሐኪም ይንገሩ፤ ድባቴም ሕክምና አለው። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ለሚቀርብዎ ሰው ነግረው ዛሬውኑ ወደ ሕክምና ይሂዱ።