ፊንጫ፦ የገንዳ ሒሳብና የጮመን ሜዳ

የቀድሞ ተማሪዎቼ ይህቺን አትረሷትም፦ የገንዳ ውሃ መጠን ማለት ርዝመት ሲባዛ በወርድ፣ ሲባዛ በአማካይ ጥልቀት ነው። ወለሉ ተዳፋት ከሆነ የሁለቱን ጫፎች ጥልቀት ደምሮ ለሁለት ማካፈል። 25 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ገንዳ፣ በአንድ በኩል 1 በሌላው 3 ሜትር ቢጠልቅ፣ አማካዩ 2፣ ውሃው 500 ሜትር ኪዩብ። አለቀ።

ወለጋ ውስጥ ግን ይህቺ ስሌት ታሪክ አላት።

ሆሮ ጉዱሩ ያለው የፊንጫ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1973፣ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ ሥራ ሲጀምር የጮመን ረግረግ ሐይቅ ሆነ። ውሃው ቀስ በቀስ ወደ 239 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ሸፈነ። ረግረጉ ከዚህ 100 ገደማ ነው። ቀሪውስ? ወደ 120 የሚሆነው የግጦሽ መስክ፣ 18 ያህሉ የእርሻ ማሳ፣ ጥቂቱ ደን።

ለምን ይህን ያህል ተንጣለለ? አገሩ ሜዳ ነዋ! ሸለቆ ሲገደብ ውሃው ወደ ላይ ይወጣል፤ ሜዳ ሲገደብ ወደ ጎን ይሄዳል። የሕዳሴውን ግድብ ውሰዱ፦ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ለ1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ስታካፍሉት አማካይ ጥልቀቱ 39 ሜትር ተኩል ገደማ ይመጣል። ጮመን ላይ ግን ጥልቀቱን በ1 ሜትር ለመጨመር 239 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ይጠይቃል፤ ዳር ያለው መስክም አብሮ ይሄዳል።

ታዲያ መብራቱ ከየት መጣ? ከገደሉ! ውሃው ከደጋው ጫፍ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ቁልቁል ወርዶ ነው ተርባይኑን የሚመታው። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ 134 ሜጋ ዋት የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ሒሳቡ ግን እዚህ አያልቅም። መሬቱ በውሃ የተያዘበት ሰው ዳገቱን አረሰ፣ ከብቱም ወደዚያው ወጣ። የዳገቱ አፈር ታጥቦ ወደ ሐይቁ ይገባል። ደለል ከታች ቦታ ሲይዝ፣ የውሃው ከፍታ ከላይ ሲታይ ያው ነው፤ የተጠራቀመው ውሃ ግን ቀንሷል። የሮቶ ግማሹን አሸዋ ሞልታችሁ ውሃ ብትጨምሩበት እስከ አፉ ሙሉ ይመስላል እኮ!

መሐንዲሱ ሜትር ኪዩብ ይቆጥራል፤ ገበሬው ካሬ ሜትር። አንዱን ትቶ ሌላውን ብቻ ያሰላ፣ በመጨረሻ ሁለቱንም ያጣል።

ሻምቡና ፊንጫ አካባቢ ያደጋችሁ፣ ከግድቡ በፊት ስለነበረው መስክ ከአባትና ከእናት የሰማችሁት ካለ እስቲ ከታች ጻፉልን።