ግራፉን ማን ሣለው?

አኃዝ በራሱ አይናገርም፤ አናጋሪ ይሻል። ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ይህን ሥራ ይዞ የኖረው ግራፍ ነው። በየጋዜጣው፣ በየቢሮው ግድግዳና በየቴሌቪዥኑ መስኮት የምናያቸው መስመሮችና ዘንጎች ከጥንት ጀምሮ የነበሩ ይመስሉናል። ይሁንና ግራፍም እንደ ማንኛውም የሰው ሥራ የትውልድ ዘመንና አባት አለው።

አባቱ ዊልያም ፕሌይፌር የተባለ ስኮትላንዳዊ ነው። በወጣትነቱ በእንፋሎት ሞተር ስሙ በገነነው በጀምስ ዋት ዘንድ በንድፍ ሠራተኛነት አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1786 ለንደን ውስጥ ባሳተመው የንግድና የፖለቲካ አትላስ የእንግሊዝን የገቢና የወጪ ንግድ በመስመር ሥሎ አሳየ። ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ስኮትላንድ ሲዞር ግን ችግር ገጠመው። በእጁ የነበረው የአንድ ዓመት ሂሳብ ብቻ ነበር፤ በአንድ ዓመት ሂሳብ ደግሞ ከዘመን ዘመን የሚጓዝ መስመር አይሣልም። ስለዚህ ከስኮትላንድ ጋር ለሚነግዱ 17 አገሮችና ስፍራዎች እንደ ንግዳቸው መጠን የሚረዝሙና የሚያጥሩ ዘንጎች አጋደመ። ዛሬ ባር ግራፍ የምንለው እንዲህ ከመረጃ እጥረት ተወለደ። በ1801 ደግሞ ያው ሰው ክብን ቆራርሶ የሚያሳየውን ፓይ ቻርት ጨመረ።

ከዚያ በኋላ ግራፍ የክርክር መሣሪያም ሆነ። ከክሪሚያ ጦርነት የተመለሰችው ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1858 ባወጣችው ሥዕላዊ መግለጫ፣ የእንግሊዝን ወታደሮች በብዛት የፈጀው የጠላት ጥይት ሳይሆን መከላከል የሚቻል በሽታ መሆኑን በቀለም ለይታ አሳየች። የምትለው ነገር ነበራት፤ ሥዕሉንም የመረጠችው ያንኑ ለማለት ነው። ተጠየቂ ብትባል መላሽዋ እርስዋ ነበረች።

ማሽን ወደዚህ ሥራ የገባው ደረጃ በደረጃ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዊልያም ዉድስና ባልደረቦቹ ሉናር የተባለ ፕሮግራም ሠሩ። አፖሎ 11 ስላመጣቸው የጨረቃ ድንጋዮች ኬሚካላዊ ይዘት ሳይንቲስቶች በተራ እንግሊዝኛ ሲጠይቁት ከመዝገቡ ፈልጎ ይመልስ ነበር። በ1984 ክሊቭላንድና መጊል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የሰው ዓይን በአንድ መስፈሪያ ላይ የቆሙ ነገሮችን ሲያወዳድር ከማዕዘንና ከስፋት ይልቅ እንደሚቀናው በሙከራ አሳዩ። ባር ግራፍ ከፓይ ቻርት ይልቅ ለማወዳደር የሚሻለውም ለዚህ ነው። ጆክ ማኪንሌይ በ1986 ይህን የመሰለውን ዕውቀት ለኮምፒዩተር አስተማረና ለቀረበለት መረጃ የሚስማማውን ግራፍ ራሱ የሚመርጥ ፕሮግራም አቀረበ። ሊላንድ ዊልኪንሰን ደግሞ በ1999 ግራፍ እንደ ቋንቋ ሰዋስው እንዳለው በመጽሐፍ አስረዳ።

እነዚህ ሁሉ ጅረቶች የተገናኙት ቻትጂፒቲ በ2022 መጨረሻ ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ነው። በ2023 ይኸው ፕሮግራም ሠንጠረዥ ተቀብሎ "የየወሩን ሽያጭ ሣልልኝ" ሲሉት የሚሥል ሆነ። እንዴት? የቋንቋ ሞዴል ከብዙ ጽሑፍ በተማረው መሠረት ቀጣዩን ቃል እየገመተ የሚጽፍ ነው። ስለዚህ ግራፉን በቀጥታ አይሥለውም፤ ግራፉን የሚሥል አጭር የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይጽፋል፤ ያ ፕሮግራም ሲሠራ ሥዕሉ ይወጣል። ትናንት ባለሙያ ግማሽ ቀን ይፈጅበት የነበረው ሥራ ዛሬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ፕሮግራም መጻፍ ለማያውቅ የሂሳብ ሠራተኛ፣ መምህር ወይም ጋዜጠኛ ይህ ቀላል በረከት አይደለም።

ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩ የማይናገራቸውን ነገሮች ሁሉ የሚወስነው ማን ነው? አንዱ መሥሪያ ቤት 98፣ ሌላው 100 አምርቷል እንበል። መስፈሪያው ከዜሮ ሲጀምር ሁለቱ ዘንጎች እኩል ይመስላሉ፤ ከ97 ሲጀምር ግን አንዱ የሌላውን ሦስት እጥፍ ይሆናል። አኃዙ አልተለወጠም፤ ፍርዱ ግን ተለወጠ። ለእኛ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። በእኛ አቆጣጠር የተመዘገበ የቡና ሂሳብ ከአውሮፓውያኑ ሠንጠረዥ ጋር ሲቀርብለት፣ ማሽኑ የእኛን 1998 ከእነርሱ 1998 ጎን ሊያቆመው ይችላል። በመካከሉ ያለው የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ተውጦ ይቀራል፤ መስመሩ ግን ያምራል።

ከሁሉ የሚከፋው ሠንጠረዥ ሳይሰጡት ግራፍ ሲጠይቁት ነው። ፕሌይፌር መረጃ ሲያጣ አዲስ የአሣሣል ዘዴ ፈጠረ፤ ማሽኑ መረጃ ሲያጣ አኃዙን ራሱን ሊፈጥር ይችላል። ያማረ ግራፍ ደግሞ ከተራ ወሬ ይበልጥ ይታመናል።

"ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ይላሉ አበው። ማሽኑ መጠምጠሙን አቅልሎልናል፤ መማሩ ግን እንደ ቀድሞው በእኛ ላይ ነው። ግራፍ የሚያቀርብልን ሰው አኃዙ ከየት እንደ መጣ፣ መስፈሪያው ከምን እንደሚጀምርና ዘመኑ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ሊመልስልን ይገባል። "ማሽኑ ነው የሣለው" የሚል መልስ ግን መልስ አይደለም። አደባባይ ያወጣው ሰው ባለቤቱ ነው።