ሰሙን የሚጭረው ማን ነው?

ሰም ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ቅኔ ነው፤ ከቅኔው ጀርባ ግን አንጥረኛው አለ። ጌጡን በሰም ሠርቶ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ ቦታውን ይይዛል። የመዳብ ኅትመት ደግሞ ሰምን ጋሻ አደረገው። ሠዓሊው መዳቡን ሰምና ሙጫ ቀብቶ በመርፌ ይጭርና አሲድ ውስጥ ይከተዋል። አሲዱ የተጫረውን ይበላል፤ የተሸፈነውን አይነካም። ቀለም የሚይዘው እንግዲህ ያ የተበላው መስመር ነው። ጥላ ሲፈለግ የሙጫ ዱቄት ተነስንሶ በሙቀት ይጣበቃል፤ አሲዱም በቅንጣቶቹ መካከል ይገባል። ይህ አኳቲንት ይባላል።

አገራችንም በዚሁ ዘዴ ታትማለች። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 አክሱምን አይቶ ነደፈ፤ ሐውልቱም በ1809 ለንደን ላይ በወጣው የ24 ሥዕሎች ስብስብ በአኳቲንት ታተመ። መዳቡን የቀረጹት ግን የለንደን ባለሙያዎች ናቸው። አውሮፓ ያየችው አክሱም በሁለት ባዕድ እጅ ያለፈ ነበር ማለት ነው።

መሣሪያው ወደ እኛ እጅ የገባው ቆይቶ ነው። አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያ በዚያ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት አስተማረ። አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው «ኤፒግራፍ፣ ደማስቆ» ስኳር ተጠቅማለች። ስኳር በተቀላቀለበት ቀለም ይሣላል፣ በላዩ ቫርኒሽ ይቀባል፤ ሙቅ ውሃ ሲነካው ስኳሩ ሟሙቶ ቫርኒሹን ያነሣዋል፤ የብሩሹ ምት ለአሲዱ ይጋለጣል።

ተማሪውስ? ያለ መዳብም ቢሆን ሰም ጭሯል። ስቴንስል እኮ ሰም የተነከረ ወረቀት ነው፤ የጽሕፈት መኪናው ፊደል ሰሙን ሲከፍት ቀለሙ ያልፋል። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ትውልድ መልእክቱን ያባዛው በዚህ ነው። ሰሙን የከፈተው ራሱ ነበርና ቃሉም የራሱ ሆነ።

ታዲያ እኛ አርባ ምንጭ ያለነው ምን እንጠብቃለን? ሰም፣ ሙጫ፣ ስኳር ገበያ አለ። አሲዱ ግን ቀልድ አይደለም፤ ጓንት፣ ነፋሻ ቦታና የኬሚስትሪ መምህር ይፈልጋል። የምንነድፈውም ሩቅ አይደለም። የዶርዜ ቤት የተጠላለፈ ቀርከሃ ለመርፌ የተሠራ ይመስላል። ምስጥ ከሥር ሲበላው ዓመት በዓመት የሚያጥረውን ያንን ቤት፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያጥር ያየው የጋሞ ልጅ ይጫረው።