የመስከረም ትኩሳት፣ የታኅሣሥ ፀጉር

እስቲ ቀረብ በሉ፤ ነገሩ የሚጀምረው ከሰሊጥ ነው።

ሐምሌ ሲገባ ከበለሳ፣ ከደብረ ታቦር፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ወጣቱ ልብሱን በአንድ ፌስታል ቋጥሮ ወደ ቆላ ይወርዳል። አይከልን አልፎ፣ ነጋዴ ባሕርን ወርዶ ገንዳ ውኃ ሲደርስ ከደጋ የለበሰው ጋቢ ሸክም ይሆንበታል። ከፊቱ የመተማ፣ የቋራና የምዕራብ አርማጭሆ እርሻ እስከ ሱዳን ድንበር ተዘርግቷል፤ ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ ማሽላ። ወቅት ጠብቆ የሚመጣውን ይህን ሠራተኛ አገሩ ሳሉግ ይለዋል። ነሐሴን ያርማል፣ መስከረምና ጥቅምትን ያጭዳል። ሰሊጥ አጫጁን አይጠብቅም፤ ፍሬው ከፈነዳ መሬት ላይ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ሳሉግ ቢያመውም ይሠራል።

የምተርክላችሁ ልጅ ከእነዚህ አንዱ ነው። ስም አላወጣሁለትም። እንደርሱ ወርደው የሚመለሱ ብዙ ስለሆኑ የብዙ እናቶች ልጅ ነው በሉት።

ነሐሴን ሲያርም ከረመ። ማታ ማታ ከግራር ሥር፣ ዋልካ መሬት ላይ ኬሻ አንጥፎ ይተኛል። መስከረም ላይ ትኩሳት ጣለው። ጤና ጣቢያ ወሰዱት፣ ደሙ ታየ፣ ወባ ሆነ። የሦስት ቀን መድኃኒቱን ውጦ ተነሣና አጨዳውን ቀጠለ። ኅዳር ላይ ገንዘቡን ይዞ አገሩ ገባ። ታኅሣሥ ላይ ራሱን ሲታጠብ ፀጉሩ እፍኝ እፍኝ እየሆነ በእጁ ቀረ።

እናቱ ደነገጠች። «የቆላ ፀሐይ ነው ያቃጠለብህ» አለችና ቅቤ አቅልጣ ቀባችው። ጎረቤት «ዓይን ነው» አለች። አጎቱ ከከተማ ቅባት ገዛለት። ቅቤውም ቅባቱም ተቀብተው አለቁ፤ ፀጉሩ ግን መርገፉን አልተወም። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄደ። ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን ጎንበስ ቢያደርግላት ነርሷ አልነካችውም።

«ራስህን ኋላ አየዋለሁ ወንድሜ። መጀመሪያ ንገረኝ፤ ከሦስት ወር በፊት ምን ሆነህ ነበር?»

እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምወደው ይህን ጥያቄ ነው። ፀጉር ለረገፈበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሊቀርብለት የሚገባው ይኸው ነው። ለምን መሰላችሁ?

በሰው ራስ ላይ 100,000 ያህል ፀጉር አለ። ፀጉር ደግሞ እንደ ሰሊጥ ማሳ በአንድ ሳምንት ተዘርቶ በአንድ ሳምንት የሚታጨድ አይደለም። ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እያደገ ሲቆይ ጥቂቱ ያርፋል። ያረፈው ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ይወድቅና በቦታው ሌላ ይበቅላል። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ቢረግፍ ጤና ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። ብርቱ ትኩሳት ሲመጣ ግን ሰውነት ጉልበቱን ሁሉ ለነፍሱ ያውለዋል፤ በማደግ ላይ የነበረው ፀጉር በብዛት፣ በአንድ ጊዜ ዕረፍት ይገባል። የሚወድቀው ያን ቀን አይደለም፤ የሚወድቀው ዕረፍቱ ሲያልቅ ነው። እስከዚያ ሰውየው ድኖ፣ ትኩሳቱን ረስቶ፣ ሥራው ላይ ነው። ስለዚህ የትናንቱን ሳሙና፣ የትናንቱን ፀሐይ፣ የትናንቱን ጎረቤት ይጠረጥራል።

ወባ ይህን ያደርጋል፤ ታይፎይድም ያደርገዋል። የወለደች ሴትም በሦስተኛውና በአራተኛው ወር እንዲሁ ትሆናለች፤ ከማጥባት የመጣ አይደለምና ልጇን ጡት እንዳታስጥል አደራ። ረኃብና ብርቱ ሐዘንም እንዲሁ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሣ በገላባት በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ የተሻገሩትን እናቶች አስቡ። ያን ሁሉ አልፎ የመጣ ሰው ከወራት በኋላ ማበጠሪያው በፀጉር ቢሞላ ሌላ አዲስ በሽታ ያዘኝ ብሎ እንዳይፈራ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ምክንያቱ ከተወገደ፣ ምግብም ከተገኘ፣ መርገፉ በስድስት ወር ገደማ ውስጥ ይቆማል፤ ፀጉሩም ይመለሳል። ለዚህ የሚቀባ መድኃኒት አያስፈልገውም።

ምክንያቱ ካልተወገደስ? ነርሷ ቀጥላ የጠየቀችው ይህንን ነው።

«ትኩሳቱ ጨርሶ ለቀቀህ?»

«ማታ ማታ ትንሽ ያተኩሰኛል እህቴ። ድካም ነው ብዬ ነው።»

«ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ወር ሳይሞላው አይቀርም።»

ሱሪውን በገመድ እንዳሰረ ያኔ አየች። አልጋ ላይ አስተኝታ በግራ ጎኑ፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር ብትዳስስ ጣፊያው አብጦ እጇ ላይ መጣ። ወባው በጊዜው ድኗል፤ ከወባው ሌላ ግን ካላዛር ይዞት መጥቷል።

ካላዛርን የምታስተላልፈው ከቢንቢ በጣም የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት የአሸዋ ዝንብ ናት። ዋልካው ሲደርቅ በሚሰነጠቀው መሬትና በግራሩ ሥር ትውላለች፣ ማታ ትናከሳለች። ከተነከሰ በኋላ በሽታው ለመውጣት ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ስለዚህ ሳሉጉ ቆላ ተነክሶ ደጋ ይታመማል፣ ደጋ ላይ ደግሞ የሚጠረጥረው አያገኝም። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ክሳት፣ ያበጠ ጣፊያ፤ እነዚህን ያየ ሰው ቆላ ወርዶ እንደነበረ መጠየቅ አለበት። ፀጉር መሳሳቱና መርገፉ ከዚህ ሁሉ ትንሹ ምልክት ነው፤ ያን ልጅ ግን ወደ ሕክምና ያመጣው እርሱ ሆነ። ካልታከመ ካላዛር ይገድላል። ሲታከም ሁለት መድኃኒት በመርፌ፣ በየቀኑ፣ ለ17 ቀን ይሰጣል፤ ኤች አይ ቪም ያለበት ሰው መድኃኒቱ ስለሚለወጥ ያ ምርመራ አይታለፍም። ልጁን ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ላከችው፤ እዚያ ለዚሁ በሽታ የተቋቋመ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለ። ያን ዕለት የራስ ቅባት ሰጥታ ብትሸኘው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ ይከብደኛል።

ቋራን ካነሣሁ ስለ ሌላ ፀጉር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ካሳ ኃይሉ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የዚህ የቆላ አገር ልጅ ናቸው። ሹሩባቸው የጀግንነታቸው ምልክት ነበር። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ የእንግሊዝ ወታደሮች ከራሳቸው ላይ ፀጉር ቆርጠው ወሰዱ። ያ ፀጉር ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ቆይቶ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ አገር ስለ ጥቂት ዘለላ ፀጉር ለምን እንዳለቀሰ ለማያውቅ ሰው፣ አንዲት የመተማ ልጅ ግንባሯ ሲሳሳ ለምን ከሰው ሠርግ እንደምትቀር ማስረዳት አይቻልም። ፀጉር ክብር ነው፤ «ይህም በሽታ ሆኖ ነው?» የሚል የጤና ባለሙያ ልክ አይደለም።

ስለዚህ ፀጉር ያሳሳል ብዬ ሹሩባን አትሠሩ አልልም። ችግሩ ሹሩባው አይደለም፤ መጥበቁ ነው። ከግንባር ዳርና ከጆሮ በላይ ያለው ፀጉር ቀጭን ነው። ሠሪዋ እንዲቆይ ብላ ስታጠብቀው፣ አርቴፊሻል ሲጨመርበት ደግሞ ክብደቱ ሲጎትተው፣ ሥሩ ይላላል። ከተሠራች በኋላ ሌሊቱን ራሷን አሟት ያደረች፣ በሥሩ ትናንሽ ብጉር የወጣባት ልጅ ምልክቱን አግኝታለች። በጊዜው ከፈታችው፣ ላልቶ ከተሠራ፣ አልፎ አልፎም ራሷ ካረፈ ፀጉሩ ይመለሳል። ዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ጠባሳ ሆኖ ይዘጋል፤ ያኔ ቅቤም ዘይትም፣ የትም አገር የሚሸጥ ቅባትም አይከፍተውም። በላዩ ማለስለሻ ኬሚካልና ፒያስትራ ሲጨመር ጉዳቱ ይፈጥናል። የጠበቀ ሹሩባ በአምስትና በስድስት ዓመት ሕፃን ራስ ላይ ሳይ «እባክሽን አላልተሽ ሥሪላት» ሳልል አላልፍም።

ደም ማነስም አለ። በቆላው እርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግር የሚሄድ ሰው መንጠቆ ትል ይይዘዋል፤ ትሉ ደም ይመጣል፣ ብረት ያልቃል፣ ፀጉር ይሳሳል። ይህ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በትል መድኃኒትና በብረት እንክብል ይታከማል።

ከአባት ከእናት የሚወረሰው ራሰ በራነት ሌላ ነው። ወንድን ከግንባርና ከአናት ያጋልጠዋል፣ ሴትን መሐል መሐሉን ያሳሳታል። ሚኖክሲዲል የሚባለው የሚቀባ መድኃኒት ይረዳል፤ መጀመሪያ ለደም ግፊት የተሠራ እንክብል ነበርና የሚውጡት ሰዎች ፀጉር ሲያበቅሉ ነው ጥቅሙ የታወቀው። አራት አምስት ወር ሳይቀቡ ለውጡ አይታይም፣ ካቆሙት ደግሞ የበቀለው ይረግፋል። ለወንዶች ፊናስተራይድ የሚባል እንክብል አለ፤ ነፍሰ ጡር ሴት የተሰበረውን እንክብል በእጇ እንኳ መንካት የለባትም። ፀጉር ለማስተከል እስከ ኢስታንቡል የሚሄዱም አሉ። አቅሙ ያለው ይሞክር፤ በሐኪም ሳይታይ ግን አይሂድ።

ላሽ ድንገት፣ በክብ፣ ለስልሶ የሚመለጠው ነው። የገዛ ሰውነታችን መከላከያ የፀጉሩን ሥር ስለሚያጠቃ የሚመጣ ነው እንጂ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ትንሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ በዓመት ውስጥ ራሱ ይሞላል፤ ሐኪም ደግሞ ቦታው ላይ መርፌ ሊወጋ ይችላል። በምላጭ መብጣትና ነጭ ሽንኩርት መፋቅ ግን ቁስልና ቃጠሎ ያተርፋል።

ከላሽ ጋር የሚምታታው ቆረቆር ነው፤ ይህ ግን ፈንገስ ነው፣ ይተላለፋልም። ቅርፊት አለው፣ ያሳክካል፣ ፀጉሩ ከሥሩ ተሰብሮ ጥቁር ነጥብ ይመስላል። አንዳንዴ አብጦ መግል ይይዛል፤ እብጠት ነው ብለው የሚበጡት አሉ፣ አይበጣ። እናቶች ቅባት ቀብተው ቀብተው የሚሰለቹት ፈንገሱ በፀጉሩ ውስጥ ስለሚኖር ነው። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ደግሞ ማሳከኩን ለጊዜው እያስታገሠ ፈንገሱን ያስፋፋዋል። የሚያድነው የሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ ግሪሲዮፉልቪን በየቀኑ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ ከወተት ወይም ቅባት ካለበት ምግብ ጋር። መጠኑ በልጁ ክብደት ስለሆነ ከጎረቤት ልጅ የተረፈ አይሰጠው። መድኃኒቱን የጀመረ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚቀርበት ምክንያት የለም፤ መምህራንም ባርኔጣ አድርጎ ቢገባ ይፍቀዱለት። ማበጠሪያው፣ ባርኔጣውና የሚላጭበት ምላጭ የራሱ ይሁን። በአንድ መደብ የሚተኙ ወንድምና እህቶቹም አብረው ይታዩ፤ ከመካከላቸው አንዱ ሳይታከም ከቀረ በሽታው ተመልሶ ይዞራል። በሦስተኛው ሳምንት ፀጉሩ ብቅ ብቅ ሲል ብዙ እናቶች ዳነ ብለው እንክብሉን ያቆማሉ፤ ያን ጊዜ ቢበዛ ገና ግማሹ ነው የሄደው።